ፒያኖ ወይስ ኦርጋን? ስለ ሙዚቃ ክበባችን ግዥ የቀረበ አስተያየት

ባለፈው ማክሰኞ ማታ የማኅበራችን የሙዚቃ ክበብ ባደረገው ስብሰባ ላይ አንድ ጥያቄ ቀርቦ፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ከተከራከርንበት በኋላ ሳይወሰን አደረ። ጥያቄው ከውጭ ሆኖ ለሚያየው ሰው ቀላል ይመስላል። ይኸውም ከሻይና ከዳቦ ገንዘባችን ቀንሰን ባዋጣነው፤ ባለፈው ዓመትም ባሳየነው ትርዒት በተገኘው ብር ክበቡ ምን ዐይነት መሣሪያ ይግዛ የሚል ነው። ገንዘብ ያዣችንና አብዛኞቹ አባሎች 61 ቁልፍ ያለውንና ምቱን በራሱ የሚያጅበውን፤ በተለምዶ «ኦርጋን» የምንለውን እንግዛ ይላሉ። እኔና ሦስት ጓደኞቼ ደግሞ 88 ቁልፍ ያለውን፤ ቁልፉም እንደ እውነተኛው ፒያኖ ለጣት የሚከብደውን፤ ሆኖም አንድ ሰው ሊሸከመው የሚችለውን ዲጂታል ፒያኖ እንግዛ ብለናል። በስብሰባው ላይ «የአርትስ ተማሪ መቼም ቅንጦት ይወዳል» የሚል ቀልድ ስለ ተወረወረብኝና ሳቁም ብዙ ስለ ነበረ፤ መልሴን በጽሑፍ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

አስቀድሜ የማምነውን ልመን። ለሠርግ፤ ለምረቃ በዓልና ለጭፈራ ማታ ኦርጋኑ ይበልጣል። አንድ ልጅ ብቻውን ተቀምጦ ከበሮውን፤ ቤዙንና ዋሽንቱን አንድ ላይ ያሰማል። ፒያኖው ይህን አያደርግም። ክበባችን የጭፈራ ባንድ ብቻ ቢሆን ኖሮ እኔም ከአብዛኛው ጋራ እጄን አወጣ ነበር። ነገር ግን የክበቡ መተዳደሪያ ደንብ በመጀመሪያው አንቀጽ «ለአባሎች ሙዚቃን ማስተማር» ይላል። ክርክሬ በዚች በ«ማስተማር» ላይ የቆመ ነው።

እኔ ራሴ የተማርኩት በኦርጋን ነው። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ጀምሬ አራት ዓመት ያህል በዚያው ስጫወት ቈይቼ፤ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ፒያኖ ተጫዋች ነኝ እያልሁ ለሰው እናገር ነበር። ይህን ውሸት ያጋለጠችብኝ ከዚራ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የክፍል ጓደኛዬ አያቱ ቤት አሮጌ ፒያኖ እንዳለ ነግሮኝ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይዞኝ ሄደ። ቤቱ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ብዙ ሳይርቅ፤ ዛፎቹ መንገዱን እንደ ጣራ በሸፈኑበት በአንደኛው ጐዳና ላይ ነው። በረንዳው ሰፊ፤ መስኮቱ ባለ ወንፊት እንጨት፤ ጣራው ከፍ ያለ፤ በአጭሩ ፈረንሳዮች፤ ግሪኮች፤ አርመኖችና ጣልያኖች ከኛ ሰዎች ጋራ ጐረቤት ሆነው በኖሩበት ዘመን ከዚራ እንዴት ትሠራ እንደ ነበር የሚያሳይ ቤት ነው። ፒያኖውም በዚያ ዘመን በባቡር የመጣ ነው ይላሉ። ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ስለ ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ በስንተኛው ዓመት እንደ መጣ የሚያውቅ በቤቱ ውስጥ የለም።

እትዬ (ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለ ጠየቁኝ አልጽፍም) በሽርጥ የተሸፈነውን ፒያኖ ገልጠው «ና ቁጭ በልና አሰማን እንጂ፤ አቦ» አሉኝ። እኔም ተቀምጬ በኦርጋን ዐይኔን ጨፍኜ የምጫወተውን ትዝታ ጀመርሁ። ወዳጆቼ ሆይ፤ የሆነውን ብነግራችሁ ታዝናላችሁ። ከማሰማው ድምፅ እኩሌታው ጨርሶ አልወጣም። የወጣውም አንዱ እንደ ነጐድጓድ ሲጮህ ሌላው እንደ ታመመ ሰው ያቃስታል። የቀለበት ጣቴና ትንሿ ጣቴ ቁልፉን ወደ ታች ማድረስ ተሳናቸው። ሁለት ደቂቃ ሳልጫወት ክንዴ ደከመ። እትዬ አልሳቁብኝም፤ ይህም ከሳቁ ይልቅ አሳፈረኝ። የፒያኖውን ክዳን ከፍተው ወደ ውስጥ እንዳይ አደረጉኝና «ልጄ፤ አንተ የምትጫነው ነው የመሰለህ፤ የምትወረውረው ነው እኮ» አሉኝ።

ያን ዕለት ያየሁትን ላስረዳ፤ ሁሉም ነገር የሚወሰነው እዚህ ላይ ነውና። ፒያኖ ማለት ውስጡ የመዶሻ ቤት ነው። ቁልፉን ስትመቱ ቁልፉ ራሱ ክሩን አይነካም፤ በማንሻ አማካይነት በጨርቅ የተለበደች ትንሽ የእንጨት መዶሻ ወደ ክሩ ይወረውራል። መዶሻዋ ክሩ ዘንድ ከመድረሷ ጥቂት ቀደም ብሎ ከማንሻው ትለቃለች፤ የቀረውን መንገድ በራሷ ፍጥነት ሄዳ ክሩን መትታ ትመለሳለች። ስለዚህ ጣታችሁ ሊያዝ የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም መዶሻዋ በምን ፍጥነት እንደምትወረወር ነው። ድምፁ የሚለሰልሰውም የሚጠነክረውም በዚህ ነው። ይህን ብልሃት እ.ኤ.አ. በ1700 ገደማ በፍሎሬንስ ከተማ ያወጣው ባርቶሎሜዎ ክሪስቶፎሪ የሚባል መሣሪያ ሠሪ ነበር። ከርሱ በፊት የነበረው ሀርፕሲኮርድ ክሩን የሚነጭ ስለ ነበረ፤ በቀስታ ብትነኩትም በኀይል ብትመቱትም ድምፁ ያው ነበር። «ፒያኖ» የሚለው ስም ራሱ የረዥም ስም ቊራጭ ሲሆን፤ ሙሉው ትርጓሜው «ለስላሳና ብርቱ» ማለት ነው።

አሁን ወደ ኦርጋኑ እንመለስ። በኦርጋኑ ቁልፍ ሥር መዶሻ የለም፤ ቁልፉን ወደ ላይ የሚመልስ ሞላ ወይም ላስቲክ ብቻ ነው ያለው። ከቆየው ርካሽ ዐይነት በቀር ዛሬ አብዛኛው ኦርጋን የአመታትን ፍጥነት ይለካል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ሞላ መጫንና ክብደት መወርወር አንድ አይደሉም። ሞላ በተጫናችሁት መጠን እየጠነከረ ይገፋችኋል። ክብደት ግን ሲጀመር ብቻ ይከብድና ከተንቀሳቀሰ በኋላ በራሱ ይሄዳል። በሞላ የለመደ ጣት እስከ መጨረሻው መጫን ይማራል፤ በክብደት የለመደ ጣት ግን ጀምሮ መልቀቅን ይማራል። ይህ ልዩነት በራስ ላይ እስኪደርስ ድረስ የቃላት ጨዋታ ይመስላል፤ እኔ ላይ ግን በእትዬ ሳሎን ደረሰብኝ። አራት ዓመት የለፋሁበትን የጣት ልማድ ለማስወገድ አንድ ዓመት ፈጀብኝ። ክበባችን ዘንድሮ የሚቀበላቸው አዲስ ተማሪዎችም ይህንኑ ዕዳ እንዲወርሱ አልፈልግም።

ዲጂታል ፒያኖ የሚባለው ይህን የክብደት ነገር ለመምሰል የተሠራ ነው። ክር የለውም፤ ድምፁ ከእውነተኛ ፒያኖ ተቀድቶ በውስጡ የተቀመጠ ነው። በቁልፉ ሥር ግን በእርግጥ የሚንቀሳቀስ ክብደት አለ። ደኅናው ዐይነት እንደ እውነተኛው ፒያኖ በግራ በኩል፤ ማለት በወፍራሙ ድምፅ በኩል፤ ከበድ ብሎ ወደ ቀኝ እየቀለለ ይሄዳል። ከያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ሁለት ወይም ሦስት መለኪያ ተደርጎለታል። ቁልፉ የመጀመሪያውን ነክቶ ሁለተኛውን እስኪነካ ያለውን እጅግ አጭር ጊዜ መሣሪያው ቈጥሮ፤ ጊዜው ካጠረ ብርቱ፤ ከረዘመ ለስላሳ ድምፅ ያወጣል። ሦስተኛ መለኪያ ያለው ደግሞ ቁልፉ እስከ ላይ ሳይመለስ ደግማችሁ ብትመቱት ይሰማችኋል። ቶሎ ቶሎ አንድ ድምፅ ለሚደጋግም ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

በስብሰባው ላይ አንድ ወንድም ተነሥቶ «ለኢትዮጵያ ሙዚቃ ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል? ፒያኖ የፈረንጅ ነው» ብሎ ጭብጨባ አገኘ። እኔ ለዚህ ወንድም በሁለት ሰዎች እመልሳለሁ።

የመጀመሪያዪቱ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው። በ1916 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር አዲስ አበባ ተወልደው፤ በስድስት ዓመታቸው ስዊዘርላንድ ተልከው ቫዮሊንና ፒያኖ ጀመሩ። በጣልያን ወረራ ጊዜ ከቤተ ሰባቸው ጋራ ወደ አዚናራ ደሴት ተግዘዋል። ከነጻነት በኋላ ካይሮ ወርደው፤ ኮንቶሮቪች ከሚባለው ፖላንዳዊ የቫዮሊን መምህር ዘንድ በቀን አራት ሰዓት ቫዮሊን፤ አምስት ሰዓት ፒያኖ ይለማመዱ እንደ ነበር ተናግረዋል። በቀን ዘጠኝ ሰዓት ማለት ነው! የካይሮ ሙቀት ጤናቸውን ስለ ጐዳው ወደ አገራቸው ተመለሱ። በኋላም በግሼን ማርያም መነኮሱ። እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን አገር ሸክላ አስቀረጹ፤ ገቢውም ለችግረኞች መርጃ ዋለ። ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው፤ እስከ መጋቢት 2015 ዓ.ም. ድረስ በኢየሩሳሌም በደብረ ገነት ገዳም ኖሩ። በትንሽ ክፍላቸውም ፒያኖ ነበረቻቸው። 

እንግዲህ የኚህን እናት ቅጂ የሰማችሁ ሁሉ እስቲ ደግማችሁ ስሙት። ግራ እጃቸው በዝግታ እየተመላለሰ ቀኝ እጃቸው እንደ በገና ደርዳሪ ወይም እንደ ዜማ አውጪ ድምፅ ያወዛውዛል። አንዲት ዋና ድምፅ ከመምጣቷ በፊት ሁለት ሦስት ትናንሽ ድምፆች እንደ ጥላ ያልፋሉ። እነዚያ ትናንሾች ከዋናዋ ጋራ እኩል ቢጮሁ ዜማው ይሞታል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው የመዶሻ ክብደትን የሚያውቅ ጣት ነው። በኔ ኦርጋን ላይ የእሳቸውን አንድ ዜማ ሞክሬ ነበር፤ የበር ደወል ይመስል ነበር።

ሁለተኛው ፒያኖ ተጫዋችና ደራሲ ግርማ ይፍራሸዋ ናቸው። ፒያኖ የጀመሩት በ16 ዓመታቸው ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲገቡ ነው። ከዚያም ቡልጋርያ ሄደው በሶፍያ ተምረዋል። በአገራችን ቅኝት የተሠሩ የፒያኖ ድርሰቶቻቸውም በውጭ አገር አዳራሾች ተሰምተዋል። ይህን የምጠቅሰው ስለ ዕድሜ ነው። ከክበባችን አባሎች መካከል «ፒያኖ በሕፃንነት ያልጀመረ አይሆንለትም፤ ስለዚህ ለኛ ኦርጋን ይበቃል» የሚሉ አሉ። ዐሥራ ስድስት ዓመት ሕፃንነት አይደለም። እኛም ገና ሃያዎቹን የጀመርን ነን።

ስለ ቅኝት የተነሣው ክርክር ግን ከዚህ ጠለቅ ያለ ስለ ሆነ በቀልድ አላልፈውም። ክራር ተጫዋች ክሩን እንደ ጆሮው ይቃኛል። ፒያኖ ግን በአንድ ስምንዮሽ ውስጥ እኩል የተከፈሉ ዐሥራ ሁለት ድምፆች ብቻ ስላሉት ባቲውም፤ አምባሰሉም፤ በተለይም አንቺ ሆዬው ትክክለኛ ቦታው ላይ አይውልም የሚለው አቤቱታ እውነት አለው። ነገር ግን ኦርጋኑም ያው ዐሥራ ሁለት ድምፅ ነው። ከሁለቱ አንዱን ለመምረጥ ይህ ክርክር አይረዳንም። በዚህ ረገድ የኦርጋን ወገኖች ሊያነሡት ሲገባ ያላነሡት አንድ ጥሩ ነጥብ አለ፤ እኔ ላንሣላቸው። ለዐረብ አገር ገበያ ተብለው የሚሠሩ ኦርጋኖች እያንዳንዱን ድምፅ በሩብ ዝቅ የሚያደርግ ቁልፍ አላቸው። በኛ ከተማ፤ የዑድ ድምፅ ከልጅነት ጀምሮ በየቤቱ በሚሰማበት፤ ኦሮምኛ፤ ሶማልኛና ሐረሪ ዘፈን በአንድ ሠርግ ላይ በሚዘፈንበት አገር፤ ይህ ዋጋ ያለው ነገር ነው። ክርክሩ በዚህ በኩል ቢቀርብልኝ ኖሮ ምናልባት እንቅልፍ ይነሣኝ ነበር። አልቀረበም። የቀረበው «መቶ ዐይነት ምት አለው» የሚለው ነው።

«ታዲያ እውነተኛው ፒያኖ ከተሻለ ለምን አሮጌ ፒያኖ አንገዛም?» ለሚሉም መልስ አለኝ። መቼም ከእትዬ ፒያኖ ጋራ ፍቅር ይዞኛል። ነገር ግን ቆሞ የሚቀመጠው ትንሹ ዐይነት እንኳ 200 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ከ200 የሚበልጡ ክሮቹ አንድ ላይ የሚስቡት ኀይል ብዙ ቶን ነው። ይህን ሁሉ የሚሸከመው ብረቱ ቢሆንም፤ ድምፁን የሚያወጣው ሳንቃና መቃኛዎቹ የተተከሉበት እንጨት ግን አየር በደረቀና በረጠበ ቊጥር ይኮማተራል፤ ያብጣል። የድሬዳዋን ደረቅ ሙቀት ለእናንተ መግለጽ አያስፈልገኝም። የእትዬ ፒያኖ መቃኛዎች ላልተው መካከለኛው ድምፅ በሙሉ ወርዷል፤ ሁለት ቁልፎችም ተጣብቀው ቀርተዋል፤ ቃኚም ከመጣ ዘመን የለውም። ዲጂታሉ አይላላም። በደብረ ዘይትም፤ በጅጅጋም፤ በከዚራ ሐሩርም ድምፁ ያው ነው። ለዚህም ነው ተሸካሚ ዲጂታል የምለው፤ ከእውነተኛው ስለሚበልጥ አይደለም።

ወደ ምርጫው ልግባ። ገበያ ላይ ስማቸው ከሚነሣው መካከል የያማሃው ፒ-45 በየቤቱ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ወጥቶ በ2023 በፒ-145 ተተካ፤ ስለዚህ አሁን በብዛት የሚገኘው ያገለገለው ነው። ክብደቱ 11 ኪሎ ተኩል ነው። ቁልፉ ሁለት መለኪያ ብቻ ያለው፤ ሲመለስ ትንሽ የሚዘገይ፤ ነገር ግን የማይዋሽ ቁልፍ ነው። በአንድ ጊዜ ሊይዝ የሚችለው 64 ድምፅ መሆኑ ፔዳል ረግጦ ብዙ ለሚጫወት ሰው ያንሳል፤ ለጀማሪ ግን አይታወቅም። የሮላንዱ ኤፍፒ-10 ወደ 12 ኪሎ ይጠጋል። ቁልፉ ባለ ሦስት መለኪያ ነው፤ ላዩም እንደ ዝሆን ጥርስ ሸካራ ስለ ሆነ ላብ ያለበት እጅ አያንሸራትትም። በዚህ ከተማ ሚያዝያ ላይ ፒያኖ የተጫወተ ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቃል። ነውሩ ቁልፉ ሲመታ ኳኳታው መብዛቱ ነው። ድምፁን በጆሮ ማድመጫ እየሰማችሁ ሌሊት ብትለማመዱ፤ አጠገባችሁ የተኛው ልጅ የሚሰማው እንጨት ሲቀጠቀጥ ብቻ ነው። በመኝታ ቤት ስምንት ሆነን እንደምንተኛ አትርሱ። የካሲዮው ፒኤክስ-ኤስ1100 ደግሞ ከሁሉ ቀጭኑ ነው፤ 11 ኪሎ ከጥቂት ግራም። በስድስት ትናንሽ የባትሪ ድንጋይም ይሠራል። መብራት በሚጠፋበት አገር ይህ ቀላል ጸጋ አይደለም። ነገር ግን ቁልፉ አጭር ስለ ሆነ ጣታችሁ በጥቁሮቹ ቁልፎች መካከል ወደ ውስጥ ሲገባ ይከብዳችኋል። በር ስትከፍቱ ወደ ማጠፊያው ተጠግታችሁ ብትገፉ እንደሚከብድ ማለት ነው።

በበኩሌ ኤፍፒ-10ን እመርጣለሁ፤ ኳኳታውን በክበቡ ክፍል ውስጥ እንጂ በመኝታ ቤት ስለማንሰማው። በደኅና ዋጋ ያገለገለ ፒ-45 ከተገኘ ግን ሳላቅማማ እስማማለሁ። የገንዘብ ያዣችን ስጋት ዋጋው ነው፤ ስጋቱም ትክክል ነው፤ አዲስ ኦርጋን ከነዚህ ከሁሉም ይረክሳልና። ይሁን እንጂ በጽኑ የሚከራከሩለት ባለ ብዙ ምቱ ኦርጋን ርካሹ ዐይነት አይደለም፤ እርሱና ያገለገለ ፒ-45 ጐን ለጐን ቢቀመጡ ልዩነቱ ያን ያህል አይሰፋም።

ሻጩ ማንም ይሁን ማን፤ ታይዋን ገበያም ይገኝ ከአዲስ አበባም ይምጣ፤ ከመክፈላችን በፊት የምናደርገው ፈተና አለ። ይህንን ከእትዬና ከራሴ ጥፋት የተማርኩት ነው። አንደኛ፤ መሣሪያው ሳይበራ ቁልፎቹን ከግራ ወደ ቀኝ አንድ በአንድ መንካት። ክብደቱ ቀስ እያለ መቅለል አለበት፤ በመካከል አንዱ ድንገት ከቀለለ ወይም ወደ ጐን ከተወዛወዘ ተጐድቷል። ከዚያም አብርቶ አንድ ቁልፍ በተቻለ መጠን በቀስታ እየነኩ፤ ድምፁ ከመጥፋቱ በፊት ምን ያህል ሊለሰልስ እንደሚችል ማየት ነው። ብዙ ሰው በኀይል እየመታ ይፈትናል፤ በኀይል ሲመታ የማይጮህ መሣሪያ ግን የለም። የመሣሪያው እውቀት የሚታወቀው በሹክሹክታው ነው። ቀጥሎ ያንኑ ቁልፍ በሁለት ጣት እያፈራረቁ በፍጥነት መደጋገም፤ በጥቁሮቹ መካከልም ወደ ውስጥ ገብቶ መሞከር። አብሮት የሚሰጠው ትንሽ ፔዳል በሴራሚክ ላይ ስለሚሸሽ ከሥሩ ምንጣፍ ይደረግለት።

በዘመድ በኩል ከውጭ ይምጣልን የሚሉ አባሎችም አሉ። መልካም፤ ግን ሁለት ነገር ይታወቅ። ቁመቱ ወደ 1 ሜትር ከ30 ስለ ሆነ፤ ክብደቱ ከ23 ኪሎ ቢያንስ እንኳ የሻንጣው ርዝመት፤ ወርድና ከፍታ ሲደመር ብዙ አየር መንገዶች ከሚፈቅዱት 158 ሳንቲ ሜትር ያልፋል፤ ስለዚህ ተጨማሪ ያስከፍላል። ሁለተኛው ይብሳል። ከአሜሪካ የሚመጣ ከሆነ በግድግዳው ሶኬት የሚሰካው ትራንስፎርመር ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ የኛ 220 ነው። መሣሪያው ራሱ 12 ቮልት ስለሚፈልግ ለ220 የሚሆን ትራንስፎርመር መግዛት ብቻ ይበቃል፤ ሳያነቡ የሰኩት ዕለት ግን ጢስ ይሸታችኋል። ይህን የምናገረው ያየሁት ስለ ሆነ ነው። የማን እንደ ነበረ አልናገርም።

መሸከሙንም ሞክረነዋል። ባለፈው ወር አንድ ጓደኛችን የተዋሰውን ፒ-45 ከከዚራ እስከ ግቢያችን በባጃጅ አመጣነው። በቁመቱ ስለማይገባ በሰያፍ አስገብተን፤ ጫፉን በብርድ ልብስ ጠቅልለን፤ እኔ ግማሽ ሰውነቴን ውጭ አድርጌ ያዝሁት። ሾፌሩ «ይሄ ነገር ሬሳ ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀን፤ የአንድ ሰው ዋጋም ጨመረብን። ዋናው ጠላት ግን መንገዱ ሳይሆን አቧራ ነው። ነፋስ ሲነሣ የደቻቱ ደረቅ አሸዋ በቁልፎቹ መካከል ገብቶ መለኪያዎቹን ያሳውራል። በዚህም ጊዜ አንዱ ቁልፍ ሳይታሰብ መጮህ ወይም ዝም ማለት ይጀምራል። ስለዚህ ክበቡ የሚገዛው ምንም ይሁን ምን፤ እትዬ እንዳደረጉት በሽርጥ ይሸፈን። ሽርጥ ደግሞ በዚህ ከተማ የማያጣ ሰው የለም።

የክርክር ባልደረቦቼ እንደሚሉት ይህ ሁሉ የአንድ ሰው ቁጭት ሊሆን ይችላል። ይሁን። ግን የቁጭቱን ምክንያት ልጨምር። እትዬ ባለፈው ክረምት ሲታመሙ ልጠይቃቸው ሄጄ፤ ካልጋቸው ሆነው «አንድ ነገር ምታልኝ» አሉኝ። ካንድ ዓመት ልምምድ በኋላ መሆኑ ነው። ያችኑ ትዝታ ቀስ ብዬ ጀመርሁ። ሁለቱ የተጣበቁት ቁልፎች ዝም አሉ፤ መካከለኛው ድምፅም የወረደ ነበረ፤ የቀሩት ግን ሁሉም ወጡ፤ የቀለበት ጣቴም ወጣች። እትዬ ምንም አልተናገሩም፤ ጣታቸውን ብቻ በብርድ ልብሱ ላይ ያንቀሳቅሱ ነበር። ያንን ዓመት ልምምድ ያደረግሁት በዚያው በተዋስነው ፒ-45 ነው እንጂ በኦርጋን አይደለም፤ በኦርጋን ሊሆን እንደማይችል ጣቶቼ ምስክር ናቸው። 

ድምፅ የሚሰጠው በመጪው ሐሙስ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ከዚያ በፊት ሁለቱን ጐን ለጐን ሞክሮ ለመፍረድ የሚፈልግ አባል ሁሉ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ወደ ክበቡ ክፍል ይምጣ። ፒ-45ቱን ተውሼ አመጣለሁ፤ ገንዘብ ያዣችንም ኦርጋኑን ለማምጣት ቃል ገብተዋል። መብራት ከጠፋ ግን ሁለቱም ዝም ስለሚሉ ለዐርብ ይተላለፋል።